«ምርጥ ዝርያ ነው» ስለተባለ ቆሮሶ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት የሚሸጥ ሁሉ «የኔ ቶሎ ያድጋል፣ ሥጋውም ብዙ ነው» ይላል። አዲስ አበባ ተቀምጠው ዓሣ እርባታ ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች በዚህ ቃል ብቻ ጥሪታቸውን ሲያፈሱ ማየት ያሳዝነኛል።

«ትልቅ የሚሆነው ዝርያ ሥጋው ይበዛል»

ፊሌቶው በግራም ይጨምራል፤ ከዓሣው ክብደት የሚይዘው ድርሻ ግን እምብዛም አይለወጥም። አንድ ዓሣ ቤት ግቡና ፊሌቶ ሲወጣ ተመልከቱ። ቢላው ከጭንቅላቱ ኋላ ገብቶ አከርካሪውን ይዞ እስከ ጭራው ይወርዳል። ሁለት ቁራጭ ሥጋ ይነሣል፤ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ይቀራል። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው ንጹሕ ፊሌቶ ከ300 እስከ 370 ግራም ገደማ ነው። አጥንት ላይ ሥጋ የሚያስቀር እጅ በዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዝርያ ሲወዳደር ፊሌቶ የሚያወጣው ሰው አንድ ይሁን፤ ዓሣዎቹም ከመታረዳቸው በፊት እኩል ሰዓት ሳይበሉ ይቆዩ። ሆዱ የሞላ ዓሣና እንቁላል የያዘች ሴት ሚዛኑን ያሳስታሉ።

«ከኩሬው ትልቁ የምርጥ ዘር ነው»

ብዙውን ጊዜ ወንድ ስለሆነ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ስትቆይ ምግብ ትተዋለች ማለት ይቻላል፤ እድገቷም ይዘገያል። ወንድ ብቻ ያለበትን ኩሬ ከድብልቅ ኩሬ ጋር አወዳድሮ «ዝርያው በለጠ» ማለት ገበሬን ማሳሳት ነው።

«ቶሎ የሚያድገው ዘረ መሉ ስለተቀየረ ነው»

በዓለም የታወቀው ጊፍት የተባለው ቆሮሶ ሥራው በ1988 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ተጀመረ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡ የዱር ዓሣዎች ከእስያ የእርባታ ዓሣዎች ጋር ተዳቀሉ፤ ከየትውልዱም ፈጥነው ያደጉት ለዘር ተመረጡ። የባዕድ ዘረ መል አልገባበትም። ጫጩቶችን ወንድ ለማድረግ በመኖ የሚሰጠው ሆርሞን ለማንኛውም ዝርያ ሊደረግ የሚችል ሌላ ሥራ ነው።

«ሌላ አገር ካደገ እዚህም ያድጋል»

ቆሮሶ የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ ነው። ከ20 በታች መብላቱን ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው።

«ጊፍትን ሐይቆቻችን ውስጥ እንጨምረው»

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ቆሮሶ የሐዋሳ፣ የዝዋይና የጣና አገር በቀል ዓሣ ነው። ከውጭ የመጣው ከእሱ ጋር ከተዳቀለ በኋላ መልሶ መለየት አይቻልም። ጋና አኮሶምቦ፣ ግብፅ አባሳ የተባሉትን የተሻሻሉ የቆሮሶ ዝርያዎች ያገኙት ጊፍት የተሠራበትን የመምረጥ ዘዴ በራሳቸው ዓሣ ላይ ተጠቅመው ነው።