መብራትና መዝገበ ቃላት ያለው መጽሐፍ ማንበቢያ ከማስመጣታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣለት ባልደረባ፣ የቀድሞ ተማሪ፣ አንዳንዴም የተማሪ ወላጅ እየደወለ «መብራትና መዝገበ ቃላት ያለው ያ መጽሐፍ ማንበቢያ የቱ ይሻላል?» ይለኛል። ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ኢ-ሪደር የሚባለውን ይህን የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ዓመታት ስለተቆጠሩ ጥያቄው ወደ እኔ ቢመጣ አይገርምም። ዕቃው የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከመጣ በኋላ «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ አይታሰብም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማንበቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ሲለብስ ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ከነእውነታቸው ጻፍኳቸው። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መብራቱ ያው የስልክ መብራት ነው፤ ዓይን ያጠፋል»

እውነታውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጀልባ ወደ ዘጌ መሻገር ይበቃል። በገዳም የሌሊት አገልግሎት አንባቢው ብራናው ፊት ሲቆም ጧፍ የያዘው ሰው ብርሃኑን ከገጹ ፊት ያስጠጋል። ብርሃኑ መጀመሪያ ብራናው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ አንባቢው ዓይን ይመጣል። ጧፉን ከብራናው ጀርባ አድርጎ ነበልባሉን እያየ የሚያነብ የለም። ስልክና ታብሌት የሚያስነብቡን ግን እንደዚያ ነው፤ ብርሃኑ ከስክሪኑ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ዓይናችን ይመጣል።

የማንበቢያው መብራት እንደ ጧፉ ነው። ጥቃቅን የኤልኢዲ አምፖሎች በስክሪኑ ጠርዝ ሥር ተደብቀው ይቀመጣሉ። ከገጹ በላይ የተነጠፈ ስስና ጥርት ያለ ንጣፍ ብርሃናቸውን ተቀብሎ ወደ ታች፣ ወደ ገጹ ያወርደዋል። ገጹ ራሱ ብርሃን የለውም። ፈሳሽ የያዙ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ብናኝ አለ፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ጥቁሩ ወደ ላይ ሲወጣ ፊደል ይታያል፣ ነጩ ሲወጣ ባዶ ወረቀት ይሆናል። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ኪንድል (የአማዞን ኩባንያ ማንበቢያ) ጭራሽ መብራት አልነበረውም፤ ሲመሽ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ የክፍል መብራት ይፈልግ ነበር። አብሮ የተገጠመ መብራት የተለመደው ከ2012 ወዲህ ነው።

ልዩነቱ ፀሐይ ላይ ጎልቶ ይወጣል። እሑድ ከሰዓት ከጣና ዳር ተቀምጬ ስልኬንና ማንበቢያዬን ጎን ለጎን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስልኩ መስታወት ሆነ፤ የራሴን ፊትና ከኋላዬ ያለውን የዋርካ ቅርንጫፍ አሳየኝ። የማንበቢያው ገጽ ግን ፀሐዩ በበረታ ቁጥር እየጠራ ሄደ፤ መብራቱንም ዜሮ ላይ አድርጌው ነበር። «ዓይን ያጠፋል» የሚለው ለስልክም ቢሆን የተጋነነ ነው። የሚሰማን ድካም በአብዛኛው ዓይናችንን ሳናርገበግብ አፍጥጠን ከመቆየታችን የሚመጣ ነው፤ ይህ ድካም በማንበቢያም፣ በወረቀት መጽሐፍም ሊመጣ ይችላል።

እንቅልፍ ይነሳል የሚለው ወሬ ደግሞ መነሻ አለው። በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ የወጣ፣ ብዙ የተጠቀሰ ጥናት «ኢ-መጽሐፍ» እንቅልፍ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ነገር ግን 12ቱ ተሳታፊዎች ከመኝታ በፊት ለአራት ሰዓታት ያነበቡት በአይፓድ፣ መብራቱም የመጨረሻው ጉልበት ላይ ሆኖ ነው። ማታ ዝቅ ተደርጎ ከሚበራ ማንበቢያ ጋር አንድ አይደለም። ማታ ማታ የምታነቡ ከሆነ የብርሃኑን ቀለም ከነጭ ወደ ሻይ መሰል ቢጫ የሚቀይር ዓይነት አስመጡ፤ እኔ ያለ እርሱ ማንበብ አልፈልግም።

«የአምፖሉ ቁጥር በበዛ ቁጥር ይሻላል»

የ2022ቱ መደበኛ ኪንድል 4 ኤልኢዲ አለው፤ ፔፐርዋይት የሚባለው የ2021ዱ የኪንድል ዓይነት ደግሞ 17። ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ በገጹ ላይ በእኩል ይሰራጫል፣ ጥግ ላይ ጥላ አይጥልም። በአራቱም ግን ይነበባል። ለእኛ ከአምፖሉ ይልቅ የሚያሳስበው በአንድ ኢንች ላይ ያሉት ነጥቦች ብዛት ነው። የድሮ ርካሽ ማንበቢያዎች 167 ነጥብ ነበራቸው፤ የአሁኖቹ ብዙዎቹ 300 አላቸው። ላቲን ፊደል በ167ም ይነበባል። በደ እና በጀ፣ በዘ እና በዠ መካከል ያለው ልዩነት ግን አናት ላይ ያለች ጭረት ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ከ300 በታች የሆነውን በነፃ ቢሰጧችሁ እንጂ ገንዘብ አታውጡበት።

«መዝገበ ቃላቱ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም»

ይሠራል፤ የመሣሪያው ትልቁ ጸጋም ይህ ነው። መዝገበ ቃላቱ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ በመሣሪያው ውስጥ ይኖራል። የማያውቁትን ቃል በጣት ጫን አድርጎ ለአፍታ መቆየት ነው፤ ትርጉሙ እዚያው ገጹ ላይ ይከፈታል። ኢንተርኔት የሚፈልጉት የውክፔዲያ ፍለጋና ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጉመው አገልግሎት ናቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚከርምበትን ጊዜ የምናውቅ ሰዎች ይህን ልዩነት ልብ ማለት አለብን። መዝገበ ቃላቱ የሚወርደው መሣሪያው መጀመሪያ ሲከፈትና ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ስለሆነ ዘመዳችሁ ከመነሣቱ በፊት እዚያው አስከፍቶ፣ አስጭኖና አንድ ቃል ሞክሮ ይምጣ።

ተማሪዎቼ ላይ ያየሁት ነገር አለ። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነቡ አንድ ቃል ሲከብዳቸው ስልክ ያነሣሉ። ቃሉን ከፈለጉ በኋላ መልእክት ይመጣል፣ ቪዲዮ ይከፈታል፣ መጽሐፉ ተዘግቶ ይቀራል። ማንበቢያው ላይ ትርጉሙን ያዩበት ጣት መልሶ የሚነካው ያንኑ ገጽ ነው።

«መዝገበ ቃላት ካለው አማርኛም ያውቃል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዝኗል። ከኪንድልም ሆነ ኮቦ ከሚባለው ሌላ ማንበቢያ ጋር አብረው የሚመጡት መዝገበ ቃላት ውስጥ አማርኛ የለም። ኬኦ-ሪደር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከውጭ የመጣ የመዝገበ ቃላት ፋይል ይቀበላል፤ ኮቦ ላይም ይጫናል። ፋይሉ ቢገኝ እንኳ ቋንቋችን ለዚህ ዓይነት ፍለጋ ቀላል አይደለም። «እንዳላስነበብናቸው» የሚለውን ቃል ጫን ስትሉ መሣሪያው ከነቅጥያው እንዳለ ይፈልገዋል፤ ከውስጡ «አነበበ»ን ፈልቅቆ አያወጣም። በዚያ ላይ ፀሐይ፣ ጸሐይ እና ፀሀይ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለእርሱ ሦስት ቃላት ናቸው። ለአማርኛ ንባብ ብሎ መዝገበ ቃላቱን መመዘኛ የሚያደርግ ሰው የሌለ ነገር እየመዘነ ነው። እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

«የአማርኛ መጽሐፍ ሁሉ ይከፍታል»

ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያነጋግራል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ በዩኒኮድ የተተየበ አማርኛ በየትኛውም መሣሪያ ላይ መታየት የሚችል ሆኗል፤ ችግሩ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። በመሣሪያው ውስጥ የግዕዝ ፎንት ከሌለ በፊደላቱ ፈንታ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ይመጣል። ያኔ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ ነፃ ፎንቶች አሉ፤ ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ለፎንት በተመደበው ፎልደር ውስጥ መገልበጥ፣ ከዚያ ከንባብ ምርጫዎች ውስጥ መምረጥ ነው። ከሳጥን ይልቅ የተደበላለቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከመጣ ግን ጥፋቱ የፋይሉ ነው፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነውና መለወጥ አለበት።

ቀጥሎ ፒዲኤፍ አለ። በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ገጻቸው በካሜራ ወይም በስካነር የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶ ላይ ፊደል ማተለቅ አይቻልም፣ መዝገበ ቃላትም አይሠራም። ሒሳቡን እንሥራው፦ የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የባለ 6 ኢንች ማንበቢያ ወርድ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ሲታይ በ12 መጠን የተተየበ ፊደል ከ5 ብዙም አይበልጥም። ሰነድና የትምህርት ጽሑፍ በፒዲኤፍ የምታነቡ ከሆነ ባለ 10 ኢንቹን አስቡ፤ አለዚያ ታብሌት ይሻላችኋል፤ ማንበቢያ ወዳድ ብሆንም ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ያለ ፈቃድ የተነሣውን መጽሐፍ በተመለከተ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት ይጠብቃል። መጽሐፉ በሕጋዊ መንገድ በኤሌክትሮኒክ ከወጣ ገዝተን እናንብበው፤ ካልወጣ ወረቀቱ አለ።

የፋይል ዓይነትም ይጠየቅ። ኢፐብ የተባለውን የተለመደ የመጽሐፍ ፋይል ኮቦ በገመድ ከተገለበጠለት በኋላ ወዲያው ይከፍተዋል። ኪንድል በገመድ የመጣውን ኢፐብ አይከፍትም፤ ከ2022 ወዲህ የሚቀበለው በኢንተርኔት በኩል ሲላክለት ነው፣ አለዚያም በኮምፒውተር ላይ ካሊበር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መለወጥ አለበት። ከዚህ የተነሣ ለባሕር ዳር ሰው፣ በተለይ የራሱን ፋይል ለሚጭን፣ ኮቦን አስቀድማለሁ። የትኛውም ቢሆን ዘመዳችሁ ገና እዚያ እያለ አንድ የአማርኛ ፋይል ላኩለት፤ ከፍቶ የገጹን ፎቶ ይላክላችሁ።

«ባትሪው አሥር ሳምንት ይቆያል»

እውነት ነው፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያነብ። አምራቾቹ «እስከ 10 ሳምንት» ሲሉ ስሌቱ በቀን 30 ደቂቃ፣ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ መብራቱም መካከለኛ ሆኖ ነው። 70 ቀን በግማሽ ሰዓት ሲባዛ 35 ሰዓት ይሆናል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያነብ ሰው 12 ቀን ገደማ አለው ማለት ነው። ገጹ ኃይል የሚጠቀመው ሲገለበጥ ብቻ ስለሆነ ቀን ቀን መብራቱን የሚያጠፋ ከዚህም በላይ ያገኛል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሁሉም ስልኩን እያየ «ስንት ቀረኝ?» ሲል እኔ ተረጋግቼ ገጼን እገልጣለሁ።

«ውኃ አይገባውም፤ ታንኳ ላይም ይዤው እወጣለሁ»

አይፒኤክስ8 የሚባለው ውኃ የመቋቋም ደረጃ የተሞከረው በ2 ሜትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ60 ደቂቃ ነው። ለዝናብና ለተደፋ ሻይ አስተማማኝ ነው። ጣና ግን ጥልቁ ቦታው ላይ 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ማንበቢያ ደግሞ እንደ ደንገል አይንሳፈፍም። የረጠበውንም ሳይደርቅ ቻርጀር ላይ አትሰኩት።

«ያገለገለም ቢሆን ከበራ ይበቃል»

አንድ የማውቀው ወጣት ያገለገለ ማንበቢያ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብሎ እየሮጠ መጣ። ስክሪኑ ንጹሕ፣ መብራቱ ድንቅ ነበር። የራሱን አካውንት ሲያስገባ ግን መሣሪያው አልቀበልም አለ። ቀድሞ ባለቤቱ እንደ ጠፋ ያስመዘገበው ዕቃ ነበር፤ ሻጩም ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። ልጁ ለሁለት ወር ያጠራቀመውን ገንዘብ ነው ያጣው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን ያውጣ፣ መሣሪያው እንደ አዲስ ይጀምር፣ እናንተም በራሳችሁ ስም አስመዝግባችሁ አንድ መጽሐፍ ክፈቱ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ። ስክሪኑንም ነጭ ገጽ ላይ አድርጋችሁ እዩት። የማንበቢያ ስክሪን በቦርሳ ውስጥ ሲጫነው ላይኛው ገጽ ሳይጫር ውስጡ ይሰነጠቃል፤ በጣት ዳብሳችሁ አታገኙትም፣ የማይጠፋ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው።