ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ የሚከሰተው የልብ ቅርጽ ለውጥ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ከድንገተኛ የልብ ሕመም ተርፎ ቤቱ የገባ ሰው ጠያቂ አይጠፋውም። «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይባላል፤ የአሳ ሾርባ ይቀርባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐይቁ ዳር ማለዳ ሲራመድ ያየው ሁሉ «ድኗል» ይላል። ልቡ ግን ያን ጊዜም እየተለወጠ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሂደቱን ሪሞዴሊንግ ይሉታል፤ ከጉዳቱ በኋላ በልብ መጠን፣ ቅርጽና አሠራር ላይ የሚታይ ለውጥ ነው።

ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር ሲዘጋ፣ ደም ያጣው ጡንቻ ሰዓት ሳይሞላ መሞት ይጀምራል። የሞተው ተመልሶ አይተካም፤ በሳምንታት ውስጥ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፣ ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም። ስለዚህ የተረፈው ጡንቻ የሞተውንም ድርሻ ይሸከማል። ሰውነትም ለማገዝ አድሬናሊንና አንጂዮቴንሲን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፦ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ይቀራሉ። ለቀናት የሚበጀው ይህ እገዛ ወራት ሲዘልቅ ራሱ ጠንቅ ይሆናል። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ይሰፋል፣ ሞላላ ቅርጹም እየከበበ ይሄዳል። የሰፋ ልብ ደም ለመግፋት ይበልጥ ይለፋል፤ ልፋቱም መልሶ ያሰፋዋል።

ውሎ አድሮ የሚመጣው የልብ ድካም አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። በጠባሳው ዙሪያ የሚነሳ የምት መዛባት ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል ይችላል፤ በደከመው ክፍል የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል።

ለውጡ በስሜት አይታወቅም፤ የሚታየው በልብ አልትራሳውንድ ነው። ምርመራው ግራው ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት ከመቶ እንደሚገፋ ይለካል። ከ50 በላይ ከሆነ በአብዛኛው ደህና ነው፤ 40 እና ከዚያ በታች ግን የጉልህ ድክመት ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለካው ብቻውን አይበቃም። ደንዝዞ የቆየ ጡንቻ ሊያገግም ስለሚችል፣ ድክመት የታየበት ሰው ከሳምንታት በኋላ ምርመራውን መድገም አለበት።

ሂደቱን ማዘግየት፣ አንዳንዴም መቀልበስ ይቻላል። በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ልባቸው በዚህ መልኩ የደከመ 2,231 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ የሞት አደጋቸው በ19 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም የዚሁ ወገን ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒን ማቆም እጅግ የሚያሳዝነኝም ለዚህ ነው፤ ክኒኑ የታዘዘው ለማይሰማው ለውጥ ነውና።

ሐይቁ ዳር መራመዱ ሐኪም እስከፈቀደ ድረስ መልካም ነው፤ የሾርባው ጨው ግን ይቀነስ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደት ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመረ፣ ቁርጭምጭሚት ካበጠ ወይም ያለ ተደራራቢ ትራስ መተኛት ካቃተ ቀጠሮ አይጠበቅም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣም ለሐኪሙ ይነገረው፤ እንደ ሎሳርታን ያለ ምትክ ሊያዝ ይችላል።