ክሩፕ ምንድን ነው? ሳሉን ሳይሆን ትንፋሹን እዩ

ሰሞኑን አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ተናጋሪው «ክሩፕ ማለት የልጆች ከባድ ሳል ነው፤ ሳሉ በጮኸ ቁጥር አደጋው ይብሳል፤ ቶሎ አንቲባዮቲክ አስጀምሩ» ይላል። ሐዋሳ ውስጥ ሕፃናትን የማክም ሐኪም ነኝ። ይህንኑ አባባል ይዘው የሚመጡ ወላጆች በጣም በዝተዋል።

የበሽታውን አመጣጥ ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። አንድ ሁለት ቀን ንፍጥና ትኩሳት፣ ከዚያ ሌሊት ላይ የተዘጋ ድምፅና እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በብዛት ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው። ባመዛኙ የሚይዘው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው።

የማይታወቀው ቦታው ነው። ያበጠው ሳንባ፣ ቶንሲል ወይም እንጥል አይደለም። ከድምፅ አውታሮች ሥር ያለች ጠባብ መተላለፊያ ናት፤ ዙሪያዋን ክብ ቅርጥምጥሚት አስሯታል። ክቡ ስለማይለጠጥ እብጠቱ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ የአየሩ መተላለፊያ ሩቡ ብቻ ይቀራል። ያው እብጠት አዋቂ ላይ ድምፅ ከመዝጋት እምብዛም አያልፍም።

እዚህ ከተማ ጁስ ቤት ገብታችሁ ወፍራም አቮካዶ በቀጭን ስትሮ ጠጥታችሁ ከሆነ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ቀስ ብላችሁ ስትስቡ ይመጣል። በኃይል ስትስቡ ስትሮው ራሱ ይጣበቅና ምንም አይመጣም። ከክቡ በታች ያለው የሕፃን የአየር ቧንቧም ለስላሳ ነው። ልጁ ሲያለቅስ በኃይል ይስባል፣ ቧንቧው ይጠብበታል፣ ደንግጦ የባሰ ያለቅሳል። ስለዚህ አቅፋችሁ አረጋጉት። በግድ አታስተኙት። አፉን በማንኪያ ከፍታችሁ ጉሮሮውን ለማየት አትሞክሩ፣ ዳማከሴም በግድ አትጋቱት። በስትሮው ስትነፉ ደግሞ ይከፈታል። የክሩፕ ሻካራ ድምፅ አየር ሲገባ ጎልቶ የሚሰማው ለዚህ ነው። የአስም ፉጨት በብዛት አየር ሲወጣ ነው፤ የአስም መንፊያ ለክሩፕ የማይሠራውም ችግሩ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ጨርሶ የተጣበቀ ስትሮ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ከቪዲዮው በጣም ያበሳጨኝ ይህን መዘንጋቱ ነው። እየጮኸ የሚያስል፣ ግን የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅ ቀላል ክሩፕ ነው ያለበት። የሚያስፈራው ተረጋግቶ ተቀምጦ እያለ አየር ሲስብ ሻካራ ድምፅ የሚሰማበት፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የፈዘዘ ልጅ ነው። ይህን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። «ድምፁ ቀነሰ፣ እንቅልፍ ወሰደው» የተባለ ልጅ ደክሞት ሊሆን ይችላል። የጣት ኦክስጅን መለኪያው ጥሩ ቁጥር ቢያሳይም አትዘናጉ፤ በክሩፕ ቁጥሩ የሚወርደው ዘግይቶ ነው።

ሐኪም ቤት የምንሰጠው ዴክሳሜታዞን ነው፤ በክብደት ተለክቶ፣ ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ። በሰዓታት ውስጥ እብጠቱን ያስታግሳል። ከፋርማሲ ገዝታችሁ በግምት አትስጡ። ለከባዱ አድሬናሊን በጭጋግ መልክ እንዲተነፍሱት እናደርጋለን። ቶሎ ይሠራል፣ ግን በ2 ሰዓት ገደማ ኃይሉ ያልቃል። «ተሽሎት ሳለ ለምን ያቆዩናል?» ለሚሉን ወላጆች ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ግን ጤና ኬላ ላይ የመጀመሪያውን መጠን ሰጥታ ወደ ሆስፒታል የላከቻችሁን ባለሙያ አትውቀሱ። በመመሪያዋ መሠረት የተረጋጋ ልጅ አየር ሲስብ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ የከባድ በሽታ ምልክት ነው፤ ያለ መሣሪያ ክሩፕን ከሌላው መለየት ስለማይቻል እንዲህ ይደረጋል። ያ ከ«ሁሉም ልጅ ይጀምር» ጋር አንድ አይደለም።

የባሕር ዛፍ እንፋሎትም ጥቅሙ በጥናት አልተረጋገጠም፤ ልጅ ግን ያቃጥላል። የሌሊት አየር አንዳንዶቹን ያስታግሳል፤ በባጃጅ መጥተው እኛ ጋ ሲደርሱ የተሻላቸው ልጆች አሉ። በከንቱ መጣን ብላችሁ አትፈሩ፣ ይታይላችሁ። እንጥል ማስቆረጥ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ምላጩ ካበጠው ቦታ አይደርስም፤ የሚያተርፈው መድማትና ኢንፌክሽን ነው።

ሻካራ ድምፅ ሁሉ ክሩፕ አይደለም። ጉንፋን ሳይቀድመው፣ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ሲበላ ድንገት ከጀመረው ትን ብሎት ሊሆን ይችላል። ሳል ሳይኖረው በከፍተኛ ትኩሳት ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ ሌላ አስቸኳይ በሽታ አለበት። ያንን በሽታ በዋናነት የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1999 ዓ.ም የጀመረው ፔንታቫለንት የሚባለው የሕፃናት ክትባት ይከላከለዋል። ኩፍኝም ክሩፕን ያከብደዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ወይም ክሩፕ የሚመላለስበት ልጅ ከሆነ ግን የአየር ቧንቧው ራሱ በስፔሻሊስት መታየት አለበት።