ባለ አምስት ኮከብ ተጫዋች ማለት ምን ማለት ነው?

«ልጁ በሃይስኩል ይህን ሁሉ ያርድ ስለሮጠ አምስት ኮከብ ተሰጠው።» የአሜሪካ ፉትቦል በተነሳ ቁጥር ይቺ አባባል አትጠፋም። ያርዱ ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ወደፊት የሄደው ርቀት ነው፤ አንዱ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ኮከቡን የሃይስኩል ሽልማት ነው ብሎ አረፈው። አይደለም!

ኮከብ ትንበያ ነው። ለሃይስኩል ተጫዋቾች እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጡት ደረጃ አውጪዎች «ምን ሠራ?» ብለው ብቻ አይጠይቁም። ዋናው ጥያቄያቸው «ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ከዚያም ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ሲደርስ ምን ይወጣዋል?» የሚል ነው።

ጊደር የሚገዛ ገበሬን አስቡት። ጊደሯ ገና አልታለበችም። ስለዚህ እግሯን ያያል፣ ወገቧን ያያል፣ የእናቷን ዘር ይጠይቃል። የሃይስኩል ያርድ የጊደሯ ውፍረት ነው። ለምለም መስክ ላይ የዋለች ትወፍራለች፤ ደካማ ቡድኖችን የሚገጥም ልጅም ያርድ ያግበሰብሳል። ወተቷ የሚለየው ስትወልድ ነው፤ ያኔም መኖ ካላገኘች አትታለብም።

ኳስ ይዞ በመሮጥ የታወቀውን ዴሪክ ሄንሪን እንይ። ፍሎሪዳ ውስጥ በዩሊ ሃይስኩል ነው የተጫወተው። በመጨረሻው ዓመት፣ በ2012፣ 462 ጊዜ ኳስ ይዞ 4,261 ያርድ ሮጠ። የአራት ዓመቱ ድምር 12,124 ደረሰ። የቴክሳሱ ኬን ሆል በ1953 ያስመዘገበው የ11,232 ያርድ ብሔራዊ ክብረ ወሰን በዚህ ተሰበረ።

ያርድ ኮከብ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ስለዚህ ልጅ ክርክር ባልተነሳ ነበር። ሪቫልስ የተባለው ደረጃ አውጪ አምስት ኮከብ ሰጠው፤ ያስቀመጠው ግን ራኒንግ ባኮች (ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾች) ውስጥ ሳይሆን «አትሌት» በሚለው ምድብ ነው። የሚጫወትበት ቦታ ገና አልለየለትም ማለት ነው። ምክንያቱ ቁመቱ ነበር። 1.90 ሜትር የሚሆን ራኒንግ ባክ ብዙ አይታይም። ረጅም ሯጭ ዝቅ ማለት ይከብደዋል፣ እግሩን ይዞ ለመጣልም ይመቻል። ተከላካይ ቢሆን ይሻለዋል ያሉም ነበሩ።

አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በ2013 ኳስ የያዘው ከ40 ጊዜ በታች ነው። የእኛ ተንታኝ ያን ዓመት ቢያይ «ኮከቡ ውሸት ነበር» ይል ነበር። ግን ከፊቱ ነባር ሯጭ ነበር፤ ተራውን መጠበቅ ነበረበት። በ2015 ተራው ደረሰና 2,219 ያርድ ሮጦ ለዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ ወሰደ። እንዲያም ሆኖ በ2016 ድራፍት፣ የኤንኤፍኤል ቡድኖች ተራ በተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት፣ እስከ 45ኛ ምርጫ ድረስ የጠራው ቡድን አልነበረም። በ2020 ለኤንኤፍኤሉ ቡድን ለቴነሲ ታይታንስ 2,027 ያርድ ሮጠ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮከብ የሚሰጠው በአንድ ዓመት ከሚመረቁ ልጆች ጋር ተነጻጽሮ ነው። ስለዚህ የአንዱን ዓመት ባለ አምስት ኮከብ ከሌላው ዓመት ጋር ማወዳደር አያስኬድም። ደረጃውም እስኪመረቁ ድረስ ይከለሳል፤ በ16 ዓመቱ አምስት የነበረው ሲመረቅ አራት ሊሆን ይችላል። ራኒንግ ባክ ላይ ደግሞ የድካም ጉዳይ አለ። በአንድ ዓመት 462 ጊዜ ኳስ ይዞ መመታት ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ኮከቡ አይነግራችሁም።