ገመድ አልባ ትናንሽ ሰርኪቶች፦ ከአዳማ ጣራ እስከ ሳሎን

አዳማ ላይ ውኃ ሄድ መጣ በሚልበት ግቢ የሮቶ ነገር የየቀኑ ጥያቄ ነው። ሞልቷል ወይስ ጎድሏል? ለማወቅ አንዱ መሰላል ይወጣል፤ ሌላው ጎኑን እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል። ይህን ሥራ የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ ሁለት ሰርኪቶች ሊሠሩት ይችላሉ። ሮቶው ላይ ያለችው ትለካለች፤ ሳሎን ያለችው ታሳያለች፤ በመሃላቸው ሽቦ የለም።

እንዲህ ያለች ሰርኪት ሦስት ነገር ትፈልጋለች። የሚያስብ ማይክሮኮንትሮለር፣ የሚናገርና የሚሰማ የሬዲዮ ሞጁል፣ ሁለቱን የሚቀልብ ኃይል። ጀማሪ ጊዜውን የሚያጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም በሦስተኛው ነው።

ማይክሮኮንትሮለር ማለት ፕሮሰሰሩም፣ ማስታወሻውም፣ መግቢያ መውጫ እግሮቹም አንድ ቺፕ ውስጥ የተጠቃለሉበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ተማሪው በደንብ የሚያውቀው ኤቲሜጋ328ፒን ነው። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው የመማሪያ ቦርድ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 2 ኪሎባይት ጊዜያዊ ማስታወሻ አለው። ትንሽ ይመስላል፤ የሮቶ ውኃ ለክቶ ለመላክ ግን ይተርፋል። አርዱዊኖ ራሱ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ኢቭሪያ ከተማ ውስጥ ሲጀመር ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች የታሰበ ነበር። ስለዚህ ለመጀመር የግድ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። መማር ለሚፈልግ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ቤት ናት። በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስና ኮሙኒኬሽንን በዲግሪ ያስተምራል።

የሬዲዮ ሞጁሎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። በጣም ቀላሎቹ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት ማስተላለፊያና መቀበያ ጥንዶች ናቸው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ መልእክቱ መድረሱን ግን ማንም አያረጋግጥም። ኤችሲ-05 ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ያገናኛል። ኢኤስፒ32 ዋይፋይና ብሉቱዝን ከነማይክሮኮንትሮለሩ በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ሎራ የተባለው የረጅም ርቀት ሬዲዮ ደግሞ ኪሎ ሜትሮችን ለሚሻገር፣ ለምሳሌ ወንጂ አካባቢ ላለ ማሳ የሚመረጥ ነው።

ለአንድ ግቢ ግን ከኖርዌዩ ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር የመጣው ኤንአርኤፍ24ኤል01 ይሻለኛል። የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 32 ባይት ይልካል። መልእክቱ ሲደርስ ተቀባዩ በራሱ «ደርሶኛል» ይላል፤ ካላለ ላኪው እስከ 15 ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል። አንድ ተቀባይ የስድስት ላኪዎችን መልእክት ለይቶ መስማት ይችላል። ሮቶው፣ የዶሮ ቤቱ ሙቀትና የግቢው በር ሁሉም ለአንድ ሳሎን ሊያወሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ሞጁሉ ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገረው ኤስፒአይ በሚባል፣ ቺፖች በሽቦ መረጃ በሚለዋወጡበት ዘዴ ነው። ኡኖ ላይ 11፣ 12 እና 13 ቁጥር እግሮች ለዚህ የተመደቡ ናቸው። የሞጁሉ የሲግናል እግሮች 5 ቮልት ይችላሉ። የኃይል እግሩ ግን ከ3.6 ቮልት በላይ አይችልም። እዚያ ላይ 5 ቮልት የሰካ ሰው ሞጁሉን አቃጠለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁሉም በትክክል ተሰክቶ፣ ኮዱም ልክ ሆኖ፣ አንዱ መልእክት ይደርሳል፣ ሁለቱ ይጠፋሉ። ሰው ኮዱን ሲያገላብጥ ይከርማል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ኃይሉ ላይ ነው። ሞጁሉ ለመናገር ሲነሣ የሚስበው ከረንት በቅጽበት ይዘላል። በቀጭን ጃምፐር ሽቦ የሚመጣው ኃይል ቶሎ አይደርስለትም፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቺፑም ይደናበራል። መድኃኒቱ የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሞጁሉ የኃይል እግሮች ሥር መበየድ ነው። አጠገቡ የ100 ናኖፋራድ ቢጨመር ደግሞ ጥሩ። ካፓሲተር ለሞጁሉ ሮቶ ነው ብላችሁ አስቡት። መስመሩ ሲደክም ከቅርብ ያለው ጠብታ ያድናል። ኤሌክትሮሊቲክ በሚባለው በርሜል መሰል ካፓሲተር ገላ ላይ መስመር የተሳለበት ጎን ኔጌቲቭ መሆኑን አትርሱ።

ረጅም አንቴና ያለውና የኃይል ማጉያ የተጨመረበት ዓይነት ደግሞ ሲናገር ከ100 ሚሊአምፒር በላይ ይስባል። የኡኖ ባለ 3.3 ቮልት እግር የሚሰጠው 50 ሚሊአምፒር ነው። አይበቃም። የራሱ ሬጉሌተር፣ ማለትም ቮልቴጅን አውርዶ የሚያረጋጋ ቺፕ፣ ያስፈልገዋል።

ሮቶው ላይ የምትቀመጠው በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ከሆነች ሂሳቡ ይጠብቃል። 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዙ ሁለት ድንጋዮች በተከታታይ ታስረዋል እንበል። ሬዲዮው ሁልጊዜ ጆሮውን ከፍቶ ቢጠብቅ ወደ 13 ሚሊአምፒር ይበላል። በስድስት ቀን አለቀ። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ምንም ሳይሠራ ብቻውን ወደ 5 ሚሊአምፒር ይወስዳል። እሱም በ17 ቀን ድንጋዩን ይጨርሳል። ስለዚህ ሬጉሌተሩን መተው ነው። ሁለቱ ድንጋዮች የሚሰጡት 3 ቮልት ገደማ ለሞጁሉም ለኤቲሜጋውም በቀጥታ ይስማማል፤ ኤቲሜጋው ግን በ16 ሳይሆን በ8 ሜጋኸርዝ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ከዚያ ማስተኛት ነው። ቺፑ ሲተኛ የሚበላው በማይክሮአምፒር የሚቆጠር ነው። የውስጥ ሰዓቱ በየ8 ሰከንዱ ይቀሰቅሰዋል። 75 ጊዜ ሲነቃ 10 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው፤ ያኔ ለክቶ፣ ልኮ፣ ተመልሶ ይተኛል። ሙሉ የኡኖ ቦርድ ግን ለዚህ አይሆንም። ቦርዱ ላይ ያለው ዩኤስቢ ቺፕና መብራት አይተኙም። ኤቲሜጋውን ነቅሎ ለብቻው መጠቀም ይሻላል።

አንቴና ላይ የአዳማ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ቆርቆሮ ሬዲዮን ይመልሳል። የብረት በርም እንዲሁ። የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል እንጂ አያቆመውም። ውኃ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝን ይውጣል፤ ስለዚህ ላኪዋን ከሮቶው ጀርባ ሳይሆን ወደ ሳሎኑ በሚያይ ጎን ስቀሏት። አንቴናው ባለበት የሞጁሉ ጫፍ ሥር ብረትም ሽቦም አይለፍ። በ433 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ 17.3 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ ጥሩ አንቴና ነው።

የጎረቤት ዋይፋይም አለ። የኤንአርኤፉ ቻናል ቁጥር ከ2400 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን ልክ ይናገራል፤ 76 ማለት 2476 ነው። ዋይፋይ በቻናል 11 ሲሠራ እስከ 2473 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ 76 ጥሩ ምርጫ ነው። ለመሸሽ ብሎ ወደ 100 እና ከዚያ በላይ መውጣት ግን ልክ አይደለም። ነፃው ባንድ፣ ማለትም እንዲህ ላሉ መሣሪያዎች ክፍት የሆነው የሞገድ ክልል፣ 2483.5 ላይ ያበቃል። አገራችን ውስጥ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለቤት ሳይሆን ለሽያጭ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ እሱን መጠየቅ አለበት።

የመጨረሻው ነገር ፀሐዩ ነው። በሶላር የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መሞላት የለበትም። አዳማ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የተቀመጠ የተዘጋ ሳጥን ቀትር ላይ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሳጥኑን ነጭ አድርጉት፤ ከሮቶው ጥላ ሥር፣ ከቆርቆሮው ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የሽቦ መግቢያው ቀዳዳ ወደ ታች ይዙር፤ ክረምት ሲገባ ዝናብ የሚገባው በእሱ ነው።