በፒግሌት «ባች» ምንድን ነው? ክቦቼስ የት ገቡ?

ሠላሳ ክቦችን ስክሪን ላይ የምትበትን አጭር ፈንክሽን (ስም ያለው የኮድ ቁራጭ) ጻፍኩ። ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ሮጠ። ክብ ግን የለም፤ ጥቁር መስኮት ብቻ። ቀለሙን ስቀይር፣ መጠኑን ሳሳድግ ግማሽ ቀን አለፈ። ጥፋቱ ከቀለምም ከመጠንም አልነበረም። ባች ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነው የተጠቀምኩበት።

ፒግሌት በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጌምና ግራፊክስ የሚሠራበት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የቀረበ ኮድ) ነው። ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ መስመር፣ ኮከብ አዘጋጅቶ ያቀርባል። እያንዳንዱን ቅርጽ ለብቻው «ተሳል» ማለት ይቻላል። አምስት ቅርጽ ከሆነ ምንም አይደለም። 1,000 ሲሆን ግን፣ መስኮቱ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ፣ በሰከንድ 60,000 ትእዛዝ መላክ ሊኖርባችሁ ነው። ለአንድ ፍሬም (ለአንድ እድሳት) ያላችሁ ጊዜ ደግሞ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጂፒዩ፣ ማለትም ምስል የሚሠራው ቺፕ፣ 1,000 ክብ መሳል አይከብደውም። የሚያቃስተው ትእዛዙን አንድ በአንድ የሚያዘጋጀው ፓይተን ነው።

ባች ይህን ምልልስ ያስቀራል። ቅርጹን ስትፈጥሩ የየትኛው ባች እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። ቅርጹ የሚሳልባቸው ነጥቦች ከሌሎች ቅርጾች ነጥቦች ጋር በጋራ ሜሞሪ ውስጥ ይሰለፋሉ። ከዚያ ባቹን አንዴ «ሳል» ስትሉት ሁሉም በጥቂት ትእዛዝ ይወጣል። (በነገራችን ላይ ክቡም የእውነት ክብ አይደለም፤ የሶስት ማዕዘኖች ጥርቅም ነው። ራዲየሱ 10 የሆነ ክብ፣ ካልነገራችሁት በቀር፣ 14 ጎን ነው ያለው።)

ታዲያ ሁሉም ተደባልቆ ከተጫነ፣ አንዱን ክብ ብቻ እንዴት እናንቀሳቅሳለን?

አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ሻንጣ ስታስጭኑ ደረሰኝ ትይዛላችሁ አይደል? ሻንጣው ከሰው ሻንጣ ጋር ይከመራል። የእናንተን የሚለየው ደረሰኙ ነው። በፒግሌትም ክቡን ስትፈጥሩ የተመለሰላችሁ ኦብጀክት ደረሰኛችሁ ነው። የእሱን ኤክስ (የግራና ቀኝ ቦታውን) ብትቀይሩ፣ በጋራው ሜሞሪ ውስጥ የሚታደሰው የዚያ ክብ ድርሻ ብቻ ነው። ሌላው አይነካም።

እዚህ ጋ ነው የተሸወድኩት። ባች ቅርጾቹን አይዝላችሁም፤ ነጥቦቻቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ክቦቹን ፈንክሽኑ ውስጥ ፈጥሬ የትም አላስቀመጥኳቸውም። ፈንክሽኑ ሲያልቅ ፓይተን «ባለቤት የላቸውም» ብሎ ጠረጋቸው። ክቡ ሲጠረግ ደግሞ ነጥቦቹን ከባቹ ይዞ ይሄዳል። ደረሰኙ ሲጠፋ ሻንጣውም ከአውቶቡስ ተወረወረ ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ እንደተፈጠሩ ፈንክሽኑ ሲያልቅ የማይጠፋ ሊስት (ዝርዝር) ውስጥ ማስገባት።

አንዱን ማጥፋት ስትፈልጉ ዲሊት የሚለውን የቅርጹን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ከሊስቱም አውጡት። ሊስቱ ላይ ከቀረና ሉፑ (ሊስቱን አንድ በአንድ የሚዞረው ኮድ) ተመልሶ ሊያንቀሳቅሰው ከሞከረ ስህተት ይመጣል። በሉፕ እየዞራችሁ ከዚያው ሊስት ላይ አታውጡ፤ ፓይተን ቀጣዩን ይዘላል። በኮፒው ላይ ዙሩ። እንደ ጥይት ቶሎ ቶሎ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ከሆነ ግን፣ እኔ ከማጥፋት ይልቅ ቪዚብል የሚለውን ፎልስ አድርጎ መደበቅና መልሶ መጠቀም እመርጣለሁ።

የቀረው የአሳሳል ቅደም ተከተል ነው። መጨረሻ የፈጠራችሁት ቅርጽ የግድ ከላይ አይሳልም። ከላይና ከታች የሚወሰነው ቅርጹን ስትፈጥሩ በምትሰጡት ግሩፕ (የቅርጾች ምድብ) ነው፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ከኋላ፣ ትልቁ ከፊት ይሆናል። ከፒግሌት 2.0 በፊት ለዚህ ኦርደርድ ግሩፕ የሚባል ክላስ ነበር። አሁን ቁጥሩ በቀጥታ ለግሩፕ ይሰጣል፤ የድሮ ትምህርት ገልብጣችሁ ስህተት ከመጣ መጀመሪያ ይህንን እዩ። ለእያንዳንዱ ክብ የተለየ ቁጥር ያለው የራሱን ግሩፕ አትስጡት እንጂ። ያኔ ትእዛዙ እንደገና ይበታተናል፤ ለአንድ ሻንጣ አንድ አውቶቡስ።