ጁሊየስ ኢስትማን፦ የሚባለውና እውነታው

ስለ ሚኒማሊዝም (አጫጭር ዜማዎችን እየደጋገመ ቀስ በቀስ ስለሚለውጥ የሙዚቃ ስልት) ሲወራ የጁሊየስ ኢስትማን ስም እምብዛም አይነሳም። ከ1940 እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ ፒያኒስትና ድምፃዊ ነው። ስሙ ሲነሳም እነዚህ አባባሎች አይጠፉም።

«አንድ ነገር መደጋገም ብቻ ነው»

ከሁሉም የራቀው ይሄ ነው። የ1974ቱን ሥራውን «ፌመኒን»ን ስሙት። መጀመሪያ በሞተር የሚንቀሳቀስ ቃጭል ይሰማል፤ እስከ መጨረሻውም ይቀጥላል። ከዚያ ቪብራፎን (በመዶሻ የሚመታ ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ) ከሁለት ድምፆች የተሠራች አጭር ዜማ ይዞ ይገባል። ሌሎቹ መሣሪያዎችም ቀስ በቀስ ይከተላሉ። ተጫዋቾቹ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሸጋገሩት ሰዓት እያዩ ነው፤ በመሃል ያለው ብዙው ነገር ግን ለእነሱ የተተወ ነው። ሥራው 70 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ዜማዋ ያችው ናት፤ ዙሪያዋ ግን ተሞልቷል፣ ስሜቷም ሌላ ሆኗል። ኢስትማን አሠራሩን «ኦርጋኒክ ሙዚቃ» ይለው ነበር፦ አዲሱ ክፍል ያለፈውን ሁሉ ይዞ ይነሳል፣ በላዩም ይጨምራል። በኋላ ደግሞ በዝግታ ይቀንሳል። ይህን ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ትዕግሥቱ አያስቆጭም።

«ቀዝቃዛ ነው፣ ስሜት የለውም»

ሌላውን ሥራውን «ስቴይ ኦን ኢት»ን (1973) የሰማ ይህን አይልም። ምቱ የፖፕ ነው፣ ቁጭ ብሎ መስማት ያስቸግራል።

«ክላሲካሉን ስላልቻለ ነው»

ፊላደልፊያ በሚገኘው በታዋቂው ከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ተምሯል። በድምፃዊነት የተሳተፈበት የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ የፒተር ማክስዌል ዴቪስ ሥራ ቅጂም ለግራሚ ታጭቶ ነበር።

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ አይረሳም ነበር»

ይሄኛው ያናድደኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ከቤቱ ተባረረ፤ ብዙዎቹ ኖታዎቹም ያኔ ጠፉ። ጎዳና ላይ የወጣበት ጊዜም ነበር። በ49 ዓመቱ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ሲሞት የሰማ ጥቂት ነው፤ የሞቱ ዜና ጋዜጣ ላይ የወጣው ከወራት በኋላ በ1991 ነው። ሥራው ደካማ ስለሆነ አይደለም የጠፋው። ወረቀቱን የሚጠብቅለት ሰው አልነበረም።

«አሁንማ የሚጫወተው የለም»

አለ። የሙዚቃ ደራሲዋ ሜሪ ጄን ሊች ለዓመታት የድሮ ቅጂዎቹንና ኖታዎቹን ስታፈላልግ ቆይታ፣ በ2005 ሥራዎቹ በሦስት ሲዲ ወጡ። ለአሥር ቼሎዎች (ትልልቅ የክር መሣሪያዎች) የጻፈው፣ በፈረንሳዊቷ ጀግና በጆን ኦቭ አርክ ስም የተሰየመው የ1981ዱ ሥራ ኖታው ጠፍቶ ነበር፤ ከቀረጻው እየተሰማ እንደ አዲስ ተጽፎ ዛሬ መድረክ ላይ ይቀርባል። ለጀማሪ ግን «ስቴይ ኦን ኢት» ይሻላል፤ «ፌመኒን» ሰፊ ጊዜ ሲኖር ነው የሚሰማው።